ፈታኙ ለሌላ ሥራ ስለተፈለገ ፈተናው ቀረ



የዚህ ገጽ ደንበኞች ከእኔ የምትጠብቁት የምርጫ፣ የሕገ መንግሥትና የሹም ሽር ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ስለ ተሳቢ ልጽፍ ነው። ተሳቢ ስል አገር ቤት ያላችሁት ከጂቡቲ መንገድ የምታውቁትን፣ ከከባድ መኪና ኋላ እየተንገጫገጨ የሚጎተተውን ማለቴ አይደለም። በቤት መኪና የሚጎተተውን፣ ሁለት ወይም አራት ጎማ ያለውን፣ ፈረስ፣ ጀልባ፣ የግንባታ አሸዋ ወይም የሠርግ ድንኳን የሚጫንበትን ማለቴ ነው። «ይህ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ። አንድ መንግሥት የሕዝቡን ደኅንነት በምን ሒሳብ እንደሚመነዝር በዚህች ትንሽ ጉዳይ ላይ ያየሁትን ያህል በትልልቆቹ ላይ አላየሁም። (የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ወዲህ ነው። እኔ በምኖርበት በብሪታንያ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1997 በፊት የቤት መኪና መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሁሉ መኪናውና ተሳቢው ተደምረው እስከ 8.25 ቶን ድረስ ያለ ሌላ ጥያቄ መጎተት ይችላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ፈቃድ ያወጣው ግን ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ ለመጎተት፣ የሁለቱ የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ ከ3,500 ኪሎ የሚያልፍ ከሆነ፣ የተለየ ሥልጠና ወስዶ የተለየ ፈተና እንዲያልፍ ተደረገ። ይህ ሕግ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ጸና። በዲሴምበር 16 ቀን 2021 ተሻረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከ1997 ወዲህ ፈቃድ ያወጣው ሕዝብ በሙሉ፣ ተሳቢ በዓይኑ አይቶ የማያውቀውም ጭምር፣ እስከ 3,500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ የመጎተት መብት ሲነጋ በእጁ ገብቶ አገኘው። ማመልከቻ አልጻፈም፣ አልሠለጠነም፣ አልተፈተነም። ዛሬ አንድ የ17 ዓመት ልጅ በትንሽ መኪና ተፈትኖ ቢያልፍ፣ በማግሥቱ የአባቱን ላንድ ሮቨር አስነሥቶ ሦስት ቶን ተኩል ብረት ከኋላው አስከትሎ በከተማ መካከል ቢያልፍ ሕጉ መንገዱን ይጠርግለታል።

በአገራችን መንጃ ፈቃድ እንደ ሽንኩርት ይሸመታል እያልን ስናማ ኖረናል። ሐሜታችን መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን እኛ አገር ሳይፈተን ፈቃድ የሚያገኝ ሰው በጓሮ በር ገብቶ፣ ፖስታ አቀብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚወጣው። ስሙም ሙስና ይባላል። እዚህ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በአንድ ሌሊት ሳይፈተን ፈቃድ ሲታደለው ስሙ የአሠራር ማሻሻያ ሆነ።

ለመሆኑ ፈተናው ምን ነበር? በ2019 ተፈትኛለሁና ልንገራችሁ።

እዚህ ያለነው ኢትዮጵያውያን አንድ የመረዳጃ ማኅበር አለን። ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና የጋዝ ምድጃ የምናጓጉዝበት ባለ አራት ጎማ ተሳቢ ነበረን። ሲሞላ ሁለት ቶን ይመዝናል። ለብዙ ዓመት የጎተቱልን ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ነበሩ፤ ምክንያቱም በደርግ ዘመን መጥተው ፈቃዳቸውን በሰማንያዎቹ ያወጡ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌሎቻችን ሁላችንም ከ1997 ወዲህ ያወጣን ነን። ታዲያ አንድ ቀን ጋሼ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና «ልጆቼ፣ ይህን ነገር ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። እስከ ዛሬ የጎተትሁት በፈጣሪ ቸርነት ነው። ከእንግዲህ የተማረ ሰው ይጎትተው» አሉ። ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ።

ሥልጠናው ሁለት ቀን ነበር። የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን መኪናው ከቆመበት አልተነቃነቀም። አሠልጣኜ፣ በዕድሜ የገፋ ዝምተኛ እንግሊዛዊ፣ ተሳቢውን ከመኪናው እንድፈታና መልሼ እንድገጥም፣ እንደገና እንድፈታና እንደገና እንድገጥም አደረገኝ። ለማያውቅ ሰው ሥራው ተራ ነገር ይመስላል። ከመኪናው ኋላ የብረት ኳስ አለች፤ ከተሳቢው አፍንጫ ላይ ኳሷን የሚውጥ ጽዋ መሰል ማያያዣ አለ፤ ጽዋው በኳሷ ላይ ይወርዳል፣ ይቆለፋል፣ አለቀ። ግን አላለቀም። ጽዋው በኳሷ ላይ ተቀምጦ ሳይቆለፍ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ሲሆን ደግሞ ለዓይን የተቆለፈ ይመስላል፤ መኪናውም ሲነሣ ተሳቢው አብሮ ይሄዳል፤ አንድ ጉብታ ወይም አንድ ጉድጓድ እስኪያገኝ ድረስ። ስለዚህ ከተቆለፈ በኋላ የፊት ደጋፊዋን ጎማ አዙሮ የተሳቢውን አፍንጫ ወደ ላይ መግፋት ያስፈልጋል። በእውነት ከተቆለፈ የመኪናው ኋላ አብሮ ብድግ ይላል። ካልተቆለፈ ጽዋው ብቻውን ይነሣል። ይህን ለማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ቀጭን የብረት ገመድ አለች። አንዱ ጫፏ ከተሳቢው የእጅ ፍሬን ጋር የታሰረ ነው፤ ሌላው ጫፍ በመኪናው ላይ ይታሰራል። ተሳቢው በመንገድ ላይ ቢፈታ ገመዷ ትወጠርና ፍሬኑን ስባ ትይዛለች፤ ከዚያ ትበጠሳለች። ተሳቢው ያለ ነጂ ወደ ሰው ከመሄዱ በፊት የምትቆመው የመጨረሻዋ ነገር ያች ገመድ ናት። ሌላ የለም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኋላ መንዳት ተማርሁ። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሩ ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ይህን አእምሮ ቶሎ ይረዳል፣ እጅ ግን አይረዳም። አሠልጣኜ መሪውን ከታች በኩል እንድይዝና እጄን ተሳቢው እንዲሄድ ወደምፈልገው አቅጣጫ እንዳንቀሳቅስ ነገረኝ፤ ያኔ ገባኝ። በስፖኪዮ እያየሁ፣ ቀስ እያልሁ፣ ስህተቱ ሳይበዛ ወደ ፊት ሄጄ እያስተካከልሁ። በሁለተኛው ቀን ስለ ጭነት አስተማረኝ። ከባዱ ዕቃ ከጎማዎቹ በላይ፣ በጥቂቱ ወደ ፊት ያደላ፣ ወደ ወለሉም የወረደ መሆን አለበት። ከባዱ ከኋላ ከሆነ የተሳቢው አፍንጫ ይቀላል፤ አፍንጫው የቀለለ ተሳቢ ደግሞ ፍጥነት ሲጨምር እንደ እባብ ይተጣጠፋል። በጀመረ ጊዜ ፍሬን መርገጥ ያባብሰዋል፤ በመሪ ለማረም መሞከር ያባብሰዋል፤ እግርን ከቤንዚን መስጫው ላይ ቀስ ብሎ አንሥቶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ መጠበቅ ነው። የሰው ተፈጥሮ ከሚያዘው ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነውና ሳይማሩት የሚገኝ ዕውቀት አይደለም።

ፈተናው 115 ፓውንድ ነበር። ባዶ ተሳቢም ይዞ መቅረብ አይፈቀድም፤ እውነተኛ ክብደት መጫን ነበረበት። ወደ ኋላ ነድቼ በተሰመረው ቦታ አቆምሁ። በመንገድ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ነዳሁ። በመጨረሻ ተሳቢውን ፍታ፣ መኪናህን ከጎኑ አቁም፣ ተመልሰህ ግጠም ተባልሁ። ገጠምሁ። መብራቱን ፈተሽሁ፣ ፍሬቻውን ፈተሽሁ፣ አፍንጫውን ገፋሁ፣ የመኪናው ኋላ ብድግ አለ። በኩራት ቀና ብዬ ፈታኙን አየሁት። ያች ቀጭን ገመድ ግን መሬት ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

ወደቅሁ። ያን ቀን ሰውዬውን ጠላሁት። ሁለት ቀን ሙሉ የደከምሁበት፣ ሥልጠናውም ተጨምሮ ከአምስት መቶ ፓውንድ በላይ ያወጣሁበት ነገር በአንዲት ገመድ ሲቀር፣ ይህ ቢሮክራሲ ነው፣ ይህ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው ብዬ ለማኅበራችን ሰዎች ምሬቴን አሰማሁ። በሁለተኛው ሙከራ አለፍሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ተሳቢ በገጠምሁ ቁጥር መጀመሪያ እጄ የሚሄደው ወደዚያች ገመድ ነው። ፈተናው ያደረገልኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ሌላ አላውቅም።

አሁን ፈተናው ለምን እንደተሻረ እንይ። ልብ በሉ፤ ተጠንቶ ጥቅም የለውም ተብሎ አይደለም።

በ2021 ክረምት ብሪታንያ የከባድ መኪና ሾፌር አጣች። የጭነት ባለንብረቶች ማኅበር የጎደለው ከመቶ ሺህ በላይ ነው አለ። ምክንያቱ ብዙ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ የተነሣ ፈተና ቆሞ ነበር፤ አገሪቱ ከአውሮጳ ኅብረት ስትወጣ ብዙ አውሮጳውያን ሾፌሮች ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ ክፍያውና የሥራው ሁኔታም ለዓመታት ወጣቱን ሲያርቅ የኖረ ነበር። በሴፕቴምበር መጨረሻ በነዳጅ ማደያዎች ፊት የነበረውን ሰልፍ የምታስታውሱት ታስታውሳላችሁ፤ በኦክቶበር መጀመሪያ ቦቴ እንዲነዱ ወታደሮች እስከ መላክ ተደረሰ። መንግሥት ለከባድ መኪና ሾፌሮች የፈተና ቦታ መጨመር ነበረበት። ፈታኝ ግን በአንድ ቀን አይሠለጥንም። ስለዚህ መፍትሔው ምን ሆነ? የተሳቢ ፈታኞችን ከተሳቢው አንሥቶ ወደ ከባድ መኪና ማዛወር። ሕጉ ተሳቢ ጎታቹ ይፈተን ይላላ? እንግዲያው ሕጉ ይነሣ። በዓመት ወደ ሠላሳ ሺህ የሚጠጋ ተጨማሪ የከባድ መኪና ፈተና ይገኛል ተባለ።

ፍጥነቱን ተመልከቱ። የሕዝብ አስተያየት መሰብሰብ የተጀመረው በኦገስት 10 ቀን 2021፣ አገሩ ሁሉ ለዕረፍት በወጣበት ወር ነበር። የተዘጋው ሴፕቴምበር 7 ነው። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ግራንት ሻፕስ ፈተናው እንደሚቀር ያስታወቁት ሴፕቴምበር 10 ነው። ሦስት ቀን! በሺዎች የሚቆጠር ሰው የጻፈውን አስተያየት በሦስት ቀን ያነበበ፣ ያመዛዘነ፣ የወሰነ መሥሪያ ቤት ካለ ለአገራችን ቢሮዎች ልምዱን ቢያካፍል ምንኛ በታደልን። እውነቱን ለመናገር ግን ውሳኔው ከአስተያየቱ በፊት ያለቀ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻኝም። የባሰው ደግሞ አለ። ፈተናው ከሴፕቴምበር 20 ጀምሮ ቆመ፤ ሕጉ ግን እስከ ዲሴምበር 16 አልተሻረም። ወደ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ አንድ ሰው በሕግ የሚጠየቀው ፈተና በሕግ አስፈጻሚው የማይሰጥ ሆነ። የእኔ አሠልጣኝ በዚያ ወቅት ግቢውን ዘጋ። ተሳቢዎቹን ሸጠ። ስልክ ስደውልለት «ሃያ ዓመት ያስተማርሁት ትምህርት አስፈላጊ እንዳልነበረ በሬዲዮ ሰማሁ» ነው ያለኝ።

የከባድ መኪና ሾፌሮች እንዲበዙ አልቃወምም። ከወገኖቻችንም በዚያ አጋጣሚ ከታክሲ ወደ ከባድ መኪና የተሻገሩ፣ ኑሯቸው የተቃና አሉ፤ ደስ ብሎኛል። የምቃወመው የሒሳቡን አሠራር ነው። የሾፌር እጥረት የተፈጠረው በዝቅተኛ ክፍያና በፖለቲካ ውሳኔ ነው። ዕዳውን እንዲከፍል የተደረገው ግን ክፍያውን ዝቅ ያደረገው ባለሀብት አይደለም፣ ፖለቲካውን የወሰነውም ሹም አይደለም። በእግረኛ መንገድ ላይ የሚሄደው ሰው ነው። ለዚያውም ማንም ሳያሳውቀው።

ይህን ስል በባዶ ሜዳ አይደለም። በጃንዋሪ 27 ቀን 2014 በብሪስቶል ከተማ አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን ከእናቱ ጋር በእግረኛ መንገድ ላይ ሲሄድ፣ ሁለት ቶን የሚመዝን ተሳቢ ከጎታቹ መኪና ተፈትቶ መጣና ገደለው። እናቲቱ አጠገቡ ነበረች። ወላጆቹ ኀዘናቸውን ይዘው ለዓመታት በየደጁ ተሟገቱ፤ የአካባቢያቸው የምክር ቤት አባል ካሪን ስሚዝም ጉዳዩን ወደ ምክር ቤቱ አደረሱት። በ2018 የወጣው የተሳቢ ምዝገባ ሕግ ሚኒስቴሩ በተሳቢ ስለሚደርሱ አደጋዎች ብዛትና መንሥኤ ሪፖርት እንዲያቀርብ አስገደደ። እንግዲህ መንግሥት ጉዳዩን አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። በሕግ እንዲያጠና ታዝዞ ነበር። ከዚያ ከሦስት ዓመት በኋላ ፈታኙን አነሣ።

አንድ ወዳጄ ይህን ረቂቅ አንብቦ «ሕፃኑ የሞተው እኮ ፈተናው ባለበት ዘመን ነው» አለኝ። ልክ ነው። ፈተናው ያን ሕፃን ያድነው ነበር ብዬ አልምልም። እኔ የምለው ሌላ ነው። የተሳቢ አደጋ ሁሉ መንሥኤው አንድ ባይሆንም፣ ተሳቢን ከመኪና የሚያለያየው ነገር በአብዛኛው የፍጥነት ወይም የስካር ነገር አይደለም። የእጅ ሥራ ነገር ነው፤ የጽዋው፣ የቁልፉ፣ የገመዷ። በአንድ ሰው የሕይወት ዘመን ሁሉ የመንግሥት ዓይን ያንን እጅ የሚያይበት ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እርሱም በፈተናው ቀን። ያ አንድ ጊዜ ነው የተነሣው።

ቢያንስ ተሳቢው ራሱ ይመረመራል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አይመረመርም። እዚህ አገር የቤት መኪና ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያልፋል፤ የእኛን ቦሎ አስቡ። እስከ 3,500 ኪሎ የሚመዝነው ተሳቢ ግን ይህ ግዴታ የለበትም። ጎማው ቢሰነጠቅ፣ ፍሬኑ ቢዝግ፣ ማያያዣው ቢበላ ባለቤቱ ካላየው ማንም አያየውም። የራሱ ታርጋ እንኳ የለውም፤ የሚጎትተውን መኪና ቁጥር ነው የሚለጥፈው። ለንግድ ሥራ ወደ ውጭ አገር ካልወጣ በስተቀር በመዝገብም አይታወቅም። በሕግ ፊት ስም የሌለው ሦስት ቶን ተኩል ማለት ነው። እንግዲህ ነጂው አይፈተንም፣ ተሳቢው አይመረመርም። ከሁለቱ አንዱ ቢቀር ባልወደድሁትም ነበር፤ ሁለቱም ሲቀሩ ግን የቀረው የጋሼ የፈጣሪ ቸርነት ብቻ ነው።

«ከ1997 በፊት ፈቃድ ያወጡት ሳይፈተኑ ሲጎትቱ ኖረው የለ?» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ሚኒስትሮቹም ወድደውታል። ግማሹ አጥር የሌለው ግቢ ያለው ሰው ልጆቹን ለመጠበቅ ቀሪውን ግማሽ አጥር ያፈርሳልን? እነዚያ ሳይፈተኑ የሚጎትቱት ሰዎች የፈተናውን ከንቱነት አያረጋግጡም። ጋሼን ጠይቋቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያችን ገመድ ምን እንደሆነች ያወቁት እኔ ከሥልጠና ተመልሼ ስነግራቸው ነው። እስከዚያ ድረስ የፈረስ ልጓም ነገር መስላቸው በተሳቢው ላይ ይጠቀልሏት ነበር።

ሌላው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል፤ ስለ ገንዘቡ ነው። ለአንድ አትክልተኛ፣ ለአንድ ግንበኛ፣ በየገበያው ቡናና እንጀራ እየዞረች ለምትሸጥ እኅታችን አምስት ስድስት መቶ ፓውንድ ቀላል አይደለም። እኔም ከማኅበሩ ካዝና ባይከፈልልኝ ኖሮ አልሠለጥንም ነበር። ነገር ግን መልሱ ሁሉን ማስቀረት ነውን? ጀርመን አገር ያላችሁ ታውቃላችሁ። እዚያ የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ ከ3,500 እስከ 4,250 ኪሎ የሚደርስ ከሆነ ፈተና የለም፤ ሥልጠና ግን አለ። ሰባት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ንድፈ ሐሳብ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል የተግባር ልምምድ፣ አንድ ሰዓት በመንገድ ላይ መንዳት። በአንድ ቀን ያልቃል። ከዚያ በላይ የሚጎትት ፈተናውን ይፈተናል። ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢም በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል። ይህን ያደረገችው ጀርመን ነጋዴ የሌላት፣ የሾፌር እጥረት ያላገኛት አገር ሆና አይደለም። ሩቅም መሄድ አያስፈልግም፤ በዚሁ መንግሥት ሥር ያለችው ሰሜን አየርላንድ ፈተናዋን አልጣለችም። በቤልፋስት ያለ ሕፃን የሚያገኘው ጥበቃ በብሪስቶል ላለው ለምን እንደበዛበት የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

አሜሪካ ያላችሁ ወዳጆቼ ደግሞ «እኛ ዘንድ ማን ይፈትነናል? ተከራይተን፣ ገጥመን መሄድ ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አውቃለሁና ምሳሌ አድርጌ አላቀርባችሁም።

መንግሥት ባዶ እጁን አልተወንም፤ ምክር ሰጥቶናል። ሥልጠናው በፈቃደኝነት እንዲወሰድ ይመክራል። በፈቃደኝነት! ያን ጊዜ በግዴታ ሆኖ እንኳ ስንት ዓመት አሽሟጥጠነዋል። እኔ ራሴ ግዴታ ባይሆን አንድ ቀን አላባክንበትም ነበር። ሥልጠና የሚያስፈልገው ሰው ሥልጠና እንደሚያስፈልገው የማያውቀው ሰው ነውና፣ በምክር ብቻ እርሱን ማግኘት አይቻልም።

ይህንም ከራሳችን ቤት ልንገራችሁ። በ2023 ክረምት እኔ አገር ቤት ሄጄ ሳለሁ ማኅበሩ ከስፖርት በዓላችን ዕቃ የሚመልስ ሰው አስፈለገው። አንድ ወጣት፣ ጎበዝ፣ መጠጥ የማይቀምስ፣ ጠንቃቃ ልጅ ተነሣ። ሕጉ ይፈቅድለታል፤ የመኪናው ኢንሹራንስም አልከለከለውም። ልጆቹ ሲጭኑ ድንኳኑን አስቀድመው ወደ ፊት አስገቡ፤ የጋዝ ሲሊንደሮቹን፣ ምጣዱንና የወንበሩን ክምር በመጨረሻ ከበሩ ሥር ደረደሩት፤ ሲደርሱ ቶሎ እንዲወርድ ብለው። በአውራ ጎዳናው ቁልቁለት ላይ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፈው ነፋሱ ተሳቢውን ገፋው። ከዚያ ጀመረ። ልጁ ከተመለስሁ በኋላ ቤቴ መጥቶ ሲነግረኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ «ጋሽዬ፣ ተሳቢው እኔን መንዳት ጀመረ» ነው ያለኝ። ፍሬን ረገጠ። ባሰበት። መሪውን አዞረ። ባሰበት። ሁለት ረድፍ ጠርጎ በመጨረሻ በመንገዱ ዳር ወደ ኋላ ዞሮ ቆመ። ከኋላው የነበሩት መኪኖች ርቀታቸውን ጠብቀው ስለነበር ማንም አልተነካም። ምጣዱ ተሰበረ፤ ወንበሮቹ አውራ ጎዳናው ላይ ተበተኑ።

«ለምን ፍሬን ረገጥህ?» ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ አፌ ላይ መለስሁት። ማን ነግሮት? በኪሱ ያለው ፈቃድ ትችላለህ ይላል፤ በመንግሥት ማኅተም። እርሱም መንግሥቱን አመነ።

ያን ሳምንት ማኅበራችን ስብሰባ ተቀምጦ የራሱን ሕግ አወጣ። ተሳቢውን የሚነካ ሰው መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ይውላል። ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይጭናል፣ ያወርዳል፣ ባዶ ሜዳ ላይ ወደ ኋላ ይነዳል። ጋሼም ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ መጥተው ከወጣቶቹ ጋር ተሰልፈው ገመዷን አሰሩ። እስካሁን ሰባት ሰው አስተምሬአለሁ። ሰባቱም የመጀመሪያ ቀን ገመዷን ረስተዋል።

የአንድ ትንሽ የስደተኞች ማኅበር ደንብ የአገር ሕግ ከሚያደርገው የበለጠ ሲጠነቀቅ ደስ አይለኝም፤ ያሳፍረኛል። በዚህ ምክንያት ባለፈው ሳምንት ለምክር ቤት አባሌ ደብዳቤ ጻፍሁ። የጠየቅሁት ብዙ አይደለም። የጀርመኑ ዓይነት የሰባት ሰዓት ሥልጠና ግዴታ ይሁን፤ ከ1997 በፊት ያወጡትም ይጨመሩበት፤ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢም ማያያዣው፣ ፍሬኑና ገመዱ በየጊዜው በባለሙያ ይታይ። የሾፌር እጥረቱን ሰበብ አድርገው የነሡንን ነገር፣ እጥረቱ ያን ጊዜ በነበረበት ልክ ዛሬ ካለ ያሳዩኝ፤ ከሌለ ፈታኞቹ የት እንዳሉ ይንገሩኝ ብያለሁ። መልሱ ሲደርሰኝ፣ ምን ዓይነትም ቢሆን፣ ቃል በቃል ተርጉሜ በዚሁ ገጽ አወጣዋለሁ። በተረፈ የፊታችን ቅዳሜ ሥልጠና አለን። ሁለት ቦታ ይቀራል፤ ጓንት ይዛችሁ ኑ።